ገበያው እስኪበተን

ነጋዴ ጡረታ የለውም። የመንግሥት ሠራተኛ ዕድሜው ሲደርስ ጋቢ ያለብሱታል፣ ንግግር ያደርጉለታል፣ ያጨበጭቡለታል። ነጋዴን የሚያሰናብተው ግን የገዛ አካሉ ነው፤ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። እኔን ያሰናበተኝ ጉልበቴ ነው። ሽንኩርት መግዛት ማለት ማሳ ለማሳ መርገጥ፣ ጆንያ ላይ ጎንበስ ቀና ማለት ነው። ጎንበሱን እችለዋለሁ፤ ቀናው ላይ ሰው መጥራት ከጀመርኩ ሰነባበትኩ። እናም ሸዋ ሮቢት አስፋልቱ ዳር ያለውን መጋዘኔን ለሞባይል ዕቃ ሻጭ አከራየሁት። ተከራዩ ጥሩ ሰው ነው። "ጋሼ፣ ይሄ የሽንኩርት ሽታ መቼ ነው የሚለቀው?" ይለኛል። እኔ ስሞት ይለቅህ ይሆናል አልኩት።

ለመጻፍ የተነሳሁት ግን ስለ ጉልበቴ አይደለም። የጽዋ ማኅበራችን በተሰበሰበ ቁጥር የጋሼ ላቀው ታሪክ ይነሳል። ጋሼ ላቀው ሽንኩርት ንግድን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። የሚነሳው ታሪክ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የማያውቁትን የቀን ሠራተኛ በጀርባቸው አዝለው በገበያው መሃል ያለፉበት ቀን። ታሪኩ ሲሰሙት ያምራል። ግማሹ ግን የለበትም። የጎደለውን ግማሽ እሳቸው ራሳቸው ለመናገር ደክመው፣ የሚሰማቸው አጥተው ነው የሞቱት። እኔ እዚያው ስለነበርኩ ልጻፈው።

እኔ የተማርኩት ጀውሃ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሳይሆን ማዶ፣ የጭነት መኪኖች ለምሳ ከሚቆሙበት። የመጀመሪያ አለቃዬ ሚዛን እንዲደፋ ሽንኩርት ላይ ውሃ የሚያርከፈክፍ ሰው ነበር። ደሴ ሲደርስ ይበሰብሳል፤ እሱ "መንገዱ ነው" ይላል። ክፋቱን ተጸየፍኩ ብል ውሸት ነው፤ ያኔ ጎበዝ ነው ብዬ አደንቀው ነበር። ከዚያ ማጀቴ ከተማ ገብቼ ማሾ ሰበሰብኩ። ካራቆሬ ላይ ደላላ ሆንኩ፤ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ መጨረስን፣ ጠብ ሲመጣ ደግሞ ሁለቱንም አለመስማትን የተማርኩት እዚያ ነው። ደመወዝ የሚሉት ነገር አልነበረም፤ ሲገኝ ይበላል፣ ሲጠፋ ይታደራል።

ጋሼ ላቀውን ያገኘሁት ካራቆሬ ላይ የደለልኩትን ሽንኩርት ሊገዙ ሲመጡ ነው። የጆንያውን አፍ ከፍቼ የላዩን አሳየኋቸው። የላዩን ዓይናቸው አላየውም። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰደዱና ከሥር አንድ አወጡ። አውራ ጣታቸውን አንገቱ ላይ ጫን አደረጉ፤ አንገቱ ከለሰለሰ ውስጡ ገና ውሃ ነው፣ መንገድ አይችልም። ከዚያ ልጣጩን ጆሯቸው ሥር አሹት፤ የደረቀ ሽንኩርት ይንኮሻኮሻል።

"ይሄ ከላዩ ጋር አይተዋወቅም" አሉኝ።

"ያው አንድ ማሳ ነው ጋሼ።"

"ማሳውስ አንድ ነው። ጠርዙና መሃሉ ግን ተጣልቷል።" ሳቁና ከዋጋው ላይ ቀነሱ፤ ሲሄዱ "ሥራ ከፈለግህ ሮቢት ና" አሉኝ። እጅ ከፍንጅ ለያዘው አጭበርባሪ ሥራ የሚሰጥ ሰው አይቼ ስለማላውቅ፣ ምን አስበው ይሆን ብዬ ሄድኩ። ምንም አላሰቡም ነበር።

እሳቸው ዘንድ ጤዛ ሳይነሳ አይጫንም። ክምሩ በአንድ ወገን ንፋስ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ሆኖ ነው የሚደረደረው። ማለዳ መጋዘን ሲገቡ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። ክምሩ ውስጥ አንድ የበሰበሰ ካለ ያሸቱታል፤ ጫኞቹ እያጉረመረሙ ክምሩን ንደው እስኪያገኙት ድረስ ሌላ ሥራ የለም።

አንድ ግራ የሚያጋባ ልማድ ነበራቸው። ቆላው በሚጤስበት በቀትር ሰዓት፣ ሱቁ ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጎ ሰው ሲጋደም፣ እሳቸው ይጠፋሉ። ሲመለሱ እጃቸው ሳሙና ሳሙና ይሸታል። የጫኞቹ አለቃ ሰይድ የዚሁ የይፋት ቆላ ልጅ ነው፤ ጆንያ ከሚያነሳበት ጀርባው ይልቅ ምላሱ ይጠነክራል። አንድ ቀን አላስቻለውም።

"ጋሽ ላቀው፣ ወላሂ ለባለቤትዎ ነው የምናገረው!"

"ምን ብለህ?"

"በዚህ ፀሐይ ፍየል እንኳ ጥላ ትፈልጋለች፤ አንቱ ወዴት ነው የሚሄዱት? ሁለተኛ ቤት አለ ማለት ነው። እኛ እንኳ ተፈቅዶልን ፈርተን የተውነውን!"

"የአንዷንስ መቼ ቻልኩት" አሉና ነጠላቸውን አንስተው ሄዱ።

እኔ ነጋዴ ነኝና ተከተልኳቸው፤ ተደብቀው በርካሽ የሚገዙበት ቦታ ያለ መስሎኝ። ሮቢ ወንዝ ዳር ደረሱ። እዚያ ከደጋ ለሽንኩርት ነቀላ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች የሚያድሩባቸው የላስቲክ ዳሶች አሉ። ደገኛ የቆላ ወባ አይችልም፤ በየዓመቱ ሲወድቅ እናያለን። ጋሼ ላቀው ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ አንዱ ታማሚ ያስታወከበትን ልብስ ድንጋይ ላይ እያሹ ነበር። ከዚያ ሌላውን ደግፈው ውሃ አጠጡት፣ እግሩን አጠቡት፤ ጨርሰው ሲነሱ ከእኔ ጋር ተፋጠጡ።

"አየኸኝ?"

"አላየሁም" አልኩ።

"እንደሱ ነው" አሉኝ።

ምክንያቱን የነገሩኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ገና ጎልማሳ ሳሉ ለቤተ ክርስቲያን የጣሪያ ቆርቆሮ ሰጥተው፣ በበዓሉ ዕለት ስማቸው በድምፅ ማጉያ ተጠራ። "ስሜ ሲጠራ አፌ ውስጥ ማር የገባ መሰለኝ፤ ሁለተኛ እስኪጠሩኝ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ፈራሁ።" የነፍስ አባታቸው "የምትሰጠውን በስውር ስጥ" አሏቸው። ጋሼ ላቀው ያችን ቃል እንደ ሽንኩርት ክምራቸው ጠበቋት፤ አንድም ብስባሽ እንዳይነካት። የሚያውቃቸው ሰው ባለበት ቦታ ለታመመ እጃቸውን አይዘረጉም። ሐኪም ቤት የሚወስዱትን እንኳ ባጃጅ የሚያሳፍሩት ሲመሻሽ ነው። ምጽዋት ሲለመኑ ሰው ፊት "የለኝም" ይላሉ። ከተማው ቋጣሪ ነው ይላቸዋል፤ እሳቸው ደስ ይላቸዋል። እኔ ደግሞ ይሄ ሰው ጻድቅ ነው አልኩ።

ሠራተኛውን ያዘሉበት ያ ቀን የገበያ ቀን ነበር፤ የሽንኩርቱ ወቅት የጦፈበት። ከአዲስ አበባ ገዢ መጥቷል፣ የእድሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበዋል፣ የደብሩ አለቃ እንኳ በዚያ ያልፋሉ። እኔ ከጓሮ ሚዛኑ ላይ ነበርኩ። ከመጋዘናችን ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ሥር አንድ ሰው በዚያ ሙቀት የበግ ጠጉር ባና ተከናንቦ ተቀምጦ ነበር አሉ። ጌጡ ይባላል፤ ያኔ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። ግድግዳ ሥር የሚያንቀላፋ የቀን ሠራተኛ ሞልቶ ስለሚውል ማንም ልብ አላለውም።

ጋሼ ላቀው ግን አዩት።

ገበያው ሲበተን ነጠላቸውን ተከናንበው ሲወጡ ሰውዬው ግድግዳው ሥር የለም። ከኋላ ባለው የማንጎ ጥላ ውስጥ ወድቆ አገኙት፤ ውሃ ፍለጋ ሄዶ ይሆናል። ጩኸታቸውን ሰምተን እኔና ሰይድ ስንሮጥ ደረስን። ነጠላቸው መሬት ላይ ነው። ጀርባቸው ላይ ጫኑት። "ትንፋሽ አለው! ትንፋሽ አለው!" ይላሉ። እኔ እንኳ አላየሁበትም። ባጃጅ እስክንጠራ አልጠበቁም። ራሳቸውን ሳይከናነቡ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በአስፋልቱ መሃል አዝለውት ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ። ዕቃውን የሚሸክፈው ነጋዴ ቆመ፤ ሴቶች አለቀሱ፤ የመኪናው ጡሩምባ ሳይቀር ዝም አለ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሐኪሟ ደረቱ ላይ አዳመጠችና ጋሼ ላቀውን እያየች ራሷን ነቀነቀች።

ፖሊስ መጣ፣ ወረቀቱ ተጻፈ። አጥበው የገነዙት እሳቸው ናቸው። በማግስቱ ቀብር ላይ የከተማው ግማሽ ነበረ። የደብሩ አለቃ ስለ ጋሼ ላቀው ቸርነት መናገር ሲጀምሩ፣ ጋሼ ላቀው ከሰው መሃል "አባቴ፣ ይቅርብዎ። የገደልኩት እኔ ነኝ" አሉ።

አለቃው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "አያችሁ ትሕትናን!" አሉ። ሕዝቡ ከንፈሩን መጠጠ።

መጋዘን ተመልሰን ብቻችንን ስንሆን ክምሩ ላይ ተቀመጡ። በሽንኩርት ላይ ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም፤ ሌላው ቢቀመጥ ይቆጡ ነበር።

"አበራ፣ ጠዋት አይቼው ነበር።"

"ማንን?"

"ባናውን አየሁ። መንቀጥቀጡን አየሁ። ወባ እንደሆነ፣ የከፋው እንደሆነ አወቅሁ። ከዚያ ዘወር ብዬ ሰውን አየሁ። አለቃው ነበሩ፣ የእድሩ ሰዎች ነበሩ። አሁን ብነሳ ሁሉም ያየኛል አልኩ። ገበያው እስኪበተን አልኩ።"

"አንቱ ውዳሴ ፈርተው ነው እንጂ ጨክነው አይደለም።"

"እሱ ነው የገደለው። ውዳሴን ስሸሽ ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ራሴ ነው ሳስብ የኖርኩት። የታመመው ፊቴ ተቀምጦ እኔ የማየው ራሴን ነው።" ከክምሩ ላይ ተነሱና፣ "ለአንተ እንኳ 'ሂድ እየው' አላልኩም። ለምን መሰለህ? ከእኔ በቀር ሰው የማያውቀው ሥራ ነበራ! የኔ ነበራ!" አሉ።

 

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለእሳቸው ገሃነም ነበር። ቋጣሪ ይላቸው የነበረ ከተማ በአንድ ቀን "የድሃ አባት" አላቸው። አይቼው አለፍኩ ብለው ለእድሩ ሽማግሌዎች ተናገሩ፤ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ይዘው ሊስሙ ታገሏቸው። ራሳቸውን በወቀሱ ቁጥር ይበልጥ ጻድቅ ያደርጓቸዋል። እውነትን ይዞ ገዢ ማጣት እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን ያኔ አየሁ። ንግዱም ደራ፤ ሠራተኛው ሁሉ ከጋሼ ላቀው ጋር ካልሆነ አልሠራም አለ። አንድ ቀን የተሰለፈውን ሠራተኛ እያዩ "ሞቶም አተረፈልኝ" አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

በዚህ መሃል የጌጡ አገር ልጅ መጣ። ታላቅ እህቱ ከደጋ እየወረደች ነው፤ እናት አባት ሲሞቱ ያሳደገችው እሷ ናት፤ መቃብሩን ልታይ፣ ወንድሜን ያነሳልኝን ሰው እግር ልስም ብላለች አለን። ለእሷ የተነገራት ጌጡ በጋሼ ላቀው እቅፍ ውስጥ እንደሞተ ነው።

ሰይድ፣ እኔና እሳቸው መጋዘኑ ውስጥ ተቀመጥን።

"ምስኪኗ አልሐምዱሊላህ ብላ ትመለስ" አለ ሰይድ። "ሰው ነበረው ብላ ትተኛ። ይሄንን ማወቁ ምን ሊያደርግላት?"

እኔም እንዲሁ አልኩ። "ከተሸጠ በኋላ ጉድለቱን መንገር ገዢውን ማሳዘን ብቻ ነው።"

ጋሼ ላቀው የሽንኩርት ልጣጭ በጣታቸው እየፈረፈሩ፣ "ብነግራት ሸክሜን ለእሷ ላሸክም ነው። ባልነግራት ስሜን ላስጠብቅ ነው። በየትም በኩል ሳስበው እኔው አለሁበት" አሉ። "ራሴን የማወጣበት በር አጣሁ።"

ዘነቡ ትባላለች። ቀጭን፣ ፊቷን ብርድ ያደረቃት ሴት ናት፤ በሶ በስልቻ ይዛ መጣች። ጋሼ ላቀውን ስታይ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ያዘች። ሊያነሷት ቢታገሉ እምቢ አለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ለጋሼ ላቀው በዓይኔ ዝም ይበሉ፣ ዝም ይበሉ እላለሁ። እሳቸውም ዝም አሉ። በርጩማ ላይ አስቀመጧት። ባናውን አጥበው አጣጥፈው አስቀምጠውት ነበርና ሰጧት። ጭኗ ላይ አድርጋ በመዳፏ ዳሰሰችው።

"እኔ ነኝ የፈተልኩለት" አለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ "አንቱ፣ ሲሞት ምን አለ? ከአንቱ ጋር ሲነጋገር ነበር አሉኝ። እኔን አነሳ?"

የውጪው ገበያ ጫጫታ ይሰማል። ሰይድ ወደ በሩ ዞረ። እኔ "አዎ፣ አንስቶሻል" የምትለው ቃል አፌ ላይ ደርሳለች፤ ሳትጠየቅ የምትወጣ የነጋዴ ቃል። ጋሼ ላቀው ቀደሙኝ።

"አላናገረኝም እህቴ። ብቻውን ነው የሞተው።"

"ይዤው ነበር ብለዋል አሉኝ እኮ።"

"የያዝኩት ከሞተ በኋላ ነው። ጠዋት አየሁት። እዚያ ግድግዳ ሥር። መታመሙን አወቅሁ። ሰው እንዳያየኝ ብዬ ገበያው እስኪበተን ተውኩት። ስመለስ የለም።"

"ምን እንዳያይዎት?"

"ደግ ሥራ ስሠራ እንዳያየኝ።"

አልገባትም። እያንዳንዱን ቃል እንደምትመዝን ያስታውቃል። እሳቸው ማስረዳት አልጀመሩም፤ ስለ ነፍስ አባታቸው አላወሩም፤ አላለቀሱም። ቆመው ብቻ ጠበቁ። ዘነቡ መዳፏን ባናው ላይ እንዳሳረፈች፣

"ጌጡም ሰው ማስቸገር አይወድም ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ቢያመውም አይናገር። እሱ ሰው እንዳያስቸግር፣ አንቱ ሰው እንዳያይዎት። ሁለታችሁ ስትተፋፈሩ ወንድሜ ሞተ።"

"አዎ" አሉ ጋሼ ላቀው።

"ቦታውን ያሳዩኝ።"

ግድግዳው ሥር ወሰዷት። ተቀመጠችበት፤ ጀርባዋን አስደግፋ ፊት ለፊት ያለውን መጋዘናችንን፣ ቆመውበት የነበረውን በር አየች። ከዚያ ማንጎው ሥር፣ ከዚያ መቃብሩ። ይቅርታ አልጠየቋትም፤ እሷም አልሰጠችም፤ አልረገመችምም። መናኸሪያ ድረስ ባናውን እሳቸው ያዙላት፤ ሲይዙላት አልከለከለችም። እኔ በሶውን ልመልስላት ይዤ ስከተል "ለበሽተኞቹ ይሁን" አለችኝ፤ ሳትዞር።

አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮቱ ጠራቻቸው። ይቅር ብዬዎታለሁ ልትል ነው ብዬ ደስ አለኝ።

"ከእኛ አገር ለሽንኩርቱ ብዙ ሰው ይወርዳል" አለቻቸው። "ጠዋት ይዩአቸው።"

ይኸው ነው። ሌላ አልተናገረችም፤ ዳግመኛም አልመጣችም።

ከዚያ ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ ጋሼ ላቀው ማለዳ መጋዘን ከፍተው የሚቆሙት ክምሩ ዘንድ ሳይሆን ግድግዳው ዘንድ ሆነ። ነጠላውን መከናነብ ተዉ። በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን፣ አለቃውም እድሩም እያየ የታመመ ያጥባሉ፣ ባጃጅ ይጠራሉ፣ እኔንና ሰይድን በአደባባይ ያዛሉ። አገሩ ለአንድ ወቅት አደነቀ። ከዚያ ሰለቸው። ከዚያ ወሬው ዞረ፤ "ድሮ ሲያደርግ እንጃ፣ አሁን ለታይታ ነው" ይሉ ጀመር። ሠራተኛ ሊያባብል ነው ያለም አለ። ዛሬ በማኅበሩ ታሪካቸውን የሚያሞግሱት አንዳንዶቹ ያኔ ይህን ሲሉ የሰማኋቸው ናቸው፤ ስም አልጠራም።

አንድ ጠዋት ይህንኑ ወሬ ከአንድ ነጋዴ አፍ ሰማሁና ደሜ ፈላ። ጋሼ ላቀው ያኔ አርጅተዋል፤ ሰው ሲያነሱ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። እንደ ድሮው አይስቁም፤ ጌጡ ከሞተ ወዲህ ሲስቁ አላየሁም። ግድግዳው ሥር ተንበርክከው የአንዱን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ ሲጠርጉ ደረስኩ።

"ጋሼ፣ ምን እንደሚሉዎት ሰምተዋል? ለመታየት ነው ይላሉ! ሄጄ ልንገራቸው እንዴ የሆነውን?"

ቀና ብለው አላዩኝም።

"ያ ጥግ ላይ ያለው ሰውዬ፣ ባርኔጣ ያደረገው፣ ውሃ ጠጥቷል?" አሉኝ።

"ማን? እኔ እንጃ።"

"ሂድ እየው።"

ሄጄ አየሁት። አልጠጣም ነበር።